ዘጠነኛው ረድፍ

አንድ ሰው ነበር። ሥራው ካሜራ ነው። በአንዲት ቤተ ክርስቲያን የእሑድ አምልኮ በሳተላይት ቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ የካሜራ ክፍሉን የሚመራው እሱ ነበር። በትከሻ ከሚያዘው፣ ካሴት ከሚጎርሰው ካሜራ ጀምሮ ሃያ ዓመት ሠርቷል።

አንድ ቀን የስርጭት መሣሪያዎች ኤግዚቢሽን ሄደ። ሻጩ ጭብጥ የምታክል ካሜራ አሳየው።

"ይሄ የሚይዘው ሰው አይፈልግም" አለው። "ሰባኪውን አንዴ ካሳየኸው በራሱ እየዞረ ይከተለዋል። የመሣሪያው ዓለም በሙሉ ወደዚህ እየሄደ ነው።"

ካሜራዎቹ ተገዙ። አራቱ ካሜራ ያዦች ተሰናበቱ። እሱ ብቻ ኮምፒውተር ፊት ቀረ። ምስሉስ? የሰባኪው ላብ ጠብታ በጠብታ ይታይ ነበር። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ሰባኪው እኔ ነበርኩና።

አሁን አንዲት እናት ተመልከቱልኝ። ዘጠነኛው ረድፍ፣ መተላለፊያው ዳር ትቀመጣለች። ሁልጊዜ እዚያው። ሌላ ሰው ቀድሟት ከተቀመጠ ለምና ታስነሳዋለች። ለምን? የጠየቃት የለም። መሣሪያው በተቀየረ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሰውየው መጣች።

"ልጄ፣ ካሜራው ድሮ ወደ እኛ ዞር ይል ነበር። አሁን ምነው?"

"እማማ፣ አሁን በራሱ ነው የሚሠራው። እኔ አላዞረውም።"

"አንድ ጊዜ ብቻ? ልጄ እኮ..."

"ልንጀምር ነው እማማ፣ ይቅርታ" አለና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋ።

እውነት አያዞረውም ነበር? አንድ ቁልፍ ቢነካ ይዞር ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሥራ ይዞት ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ እኛስ ሰው የምንመልሰው በምን ምክንያት ነው?

ሁለት እሑድ መጣች። ከዚያ ቀረች። መቅረቷን ማን አየ? ማንም።

ከአምስት ወር በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ስልክ ጮኸ። ያነሳው ያው ሰው ነው።

"ብርቄ እባላለሁ። ዓረብ አገር ሰው ቤት ነው የምሠራው። ስልኬን ወስደውብኛል፤ ይሄ የዘበኛው ነው" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እሑድ ልብስ ስተኩስ የእናንተን ፕሮግራም እከፍታለሁ። እናቴን የማያት እዚያ ነው። ስልኬን ሳይወስዱብኝ በፊት፣ 'ዘጠነኛው ረድፍ ዳር እቀመጥልሻለሁ' ብላኝ ነበር። ሁለት ዓመት እንደዚያ አየኋት። አሁን አትታይም። ደህና ናት? አርብ እደውላለሁ።"

ሰውየው ተነስቶ ሮጠ። ግን ማን ብሎ ይጠይቅ? የእናትየውን ስም ሳይጠይቃት ስልኩ ተዘግቷል፤ ሌላ የሚያውቅም የለም። ዘጠነኛው ረድፍ የሚቀመጡትን እየጠየቀ በሦስተኛው ቀን የተከራየችበትን ግቢ አገኘ።

"ሽታዬ?" አለች ጎረቤቷ። "ካረፈች ሁለት ወሯ እኮ ነው። ዕድሩ ቀበራት። በሕመሟ ሰዓት 'ቤተ ክርስቲያን ውሰዱኝ፣ ልጄ ትጠብቀኛለች' ትል ነበር። እኛ የምትቃዥ መስሎን..."

አርብ ብርቄ ደወለች። የእናቷን ማረፍ ነገራት።

"እኔ እኮ የተቀየመችኝ መስሎኝ ነበር" አለች። ስልኩ ተቋረጠ።

መልሶ ደወለ። አይነሳም። በማግሥቱም ደወለ። አይነሳም።

ከዚያ እኔ ጋ መጣ። ተንበርክኮ አለቀሰ። "እግዚአብሔር ይቅር ይልሃል" አልኩት።

"እሱስ ይላል፣ ፓስተር። እናቷ እዚያው ተቀምጣ እንደነበረች፣ ያላሳየኋት እኔ እንደሆንኩ ለልጅቷ ማን ይነግራታል?"

እንዲህ ያለ ታሪክ ስንናገር መጨረሻው ላይ የሚያጽናና ነገር ማስቀመጥ ልማዳችን ነው። ፈልጌ አጣሁ።

ወገኖቼ፣ መሣሪያ ክፉ ነው አላልኩም። ለከርሞ ከዚህ የተሻለ ይመጣል፤ እንገዛዋለንም። ግን ስንቱን ሰው ነው ንግግሩን ሳይጨርስ የመለስነው? "ባለቤቴ እኮ..." ብሎ ጀምሮ ነበር። "ሰሞኑን አሞኝ እኮ..." ብላ ጀምራ ነበር። ቀጥሎ ምን ሊሉ ነበር? ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። በዚህ መድረክ ላይ ይህን ያህል ዘመን ብቆምም አላውቅም።

በሚቀጥለው እሑድ እንሰማቸዋለን እያላችሁ ይሆናል። በሚቀጥለው እሑድ እንደሚመጡ የነገራችሁ ማን ነው?