ሱሎቻና ሽማግሌ የላከች ዕለት

አንድ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ ሆኜ ተላክሁ። ሽበት የለኝም፤ ማስተዋሉም እንደዚያው ነው። የተመረጥኩት ሦስተኛው ሽማግሌ ወገባቸውን አሟቸው ስለቀሩና እትዬ ስንቅነሽ በአጠገባቸው ያገኙት ኮት ያለው ወንድ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው። ልጃቸው ያፌት ሜላት የምትባል ልጅ ወዷል፤ ወላጆቿ ደግሞ «በወጉ ይምጡ» ብለዋል። እትዬ ስንቅነሽ ባላቸው ከሞቱ አሥር ዓመት አልፏቸዋል፤ ከያፌት ሌላ ልጅ የላቸውም። «አደራህን፣ ይቺ ልጅ እንዳታመልጠን» እያሉ የኮቴን አቧራ በእጃቸው አራገፉልኝ።

የእትዬ ስንቅነሽን ፊት አታውቁትም፤ ድምፃቸውን ግን በደንብ ታውቁታላችሁ። እኔና እሳቸው የምንሠራው ለሕንድ ድራማ የአማርኛ ድምፅ በሚያለብስ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። እኔ ንግግሩን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ እሳቸው ማይክራፎኑ ፊት ቆመው አማቶቹን ይናገራሉ። አንዷን አማት አላልኩም፤ አማቶቹን ሁሉ ነው። ድመት ሲያባርሩ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቁት ሴትዮ፣ ቀይዋ መብራት ስትበራ ሱሎቻና ይሆናሉ፤ በዚህ ዓመት እየታየ ባለው ድራማ ውስጥ ያለችው፣ አገር የሚረግማት አማት።

ድራማውን ያላየ ካለ አይቸገር፤ አንዱን ያየ ሁሉንም አይቷል። አንድ ትልቅ ቤት አለ። በቤቱ ውስጥ ሥራ የሚሄድ ሰው የለም። አማት አለች፣ ወርቋን ሳታወልቅ ትተኛለች። ምራት አለች፣ ታለቅሳለች። አማት የምራቷ ወተት ውስጥ መርዝ ትጨምራለች፤ ያን ጊዜ ነጎድጓድ ይጮኻል፤ ደመና የለም፣ ነጎድጓድ ግን አለ። ከዚያ ካሜራው የአክስቱንም የአጎቱንም የዘበኛውንም ፊት ሦስት ሦስት ጊዜ ያሳይና ክፍሉ ያልቃል።

እኔ ይህን ስሰድብ ነው የምውለው። ምሳ ሰዓት ላይ ጉርሻዬን ይዤ ንግግር እጀምራለሁ። «ሕንድ ያን ሁሉ ሕዝብ ይዛ ታክሲ የሚጠብቅ አንድ ሰው እንኳ የላትም? ጥርሱን የሚያመው የለም? አዲስ ነገር ያስፈልገናል! የራሳችንን እንሥራ!» ባልደረቦቼ አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ። እንዲህ የምለው ሰውዬ ግን፣ ኮምፒውተሬ ውስጥ «የአማት ቁጣ» የሚል ፋይል አለኝ። «ይህን ቤት የምትገዢው ሬሳዬን ተሻግረሽ ነው!» የሚለውን አንድ ጊዜ ነው የጻፍኩት፤ ከዚያ በኋላ እየገለበጥኩ ነው የምለጥፈው።

አንድ ሳምንት ስንፍናው ጠናብኝና የክፍል መቶ አርባን ጭቅጭቅ እንዳለ ገልብጬ ክፍል መቶ አርባ አንድ ላይ ለጠፍኩት። እትዬ ስንቅነሽ አነበቡት። ከሱሎቻና ከንፈር ጋር ገጠመ። ተላለፈ። ማንም አልደወለም። እኔ ይህን ይዤ ሥራ አስኪያጃችን ዘንድ በድል ገባሁ። «አዩ? ሁሉም አንድ ነው፤ አዲስ ፕሮግራም ያስፈልገናል» አልኩ። እሱ ሳቀ። «አየህ? ማንም አላወቀም፤ ታዲያ አዲስ ለማን?» አለኝ።

ወደ ሽምግልናው ልመለስ። የሜላት ወላጆች ቤት አስኮ ነው። የሽማግሌዎቹ መሪ ሻምበል ጉደታ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ትእዛዝ የማይረሱ ሰው ናቸው፤ ከጎናቸው ነጭ ጋቢ የለበሱት መምሬ ቀጸላ፤ ከኋላ እኔ። ሳሎኑ በር ላይ ቆምን። «ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» አሉ የሜላት አባት አቶ ከፈለኝ። «ጉዳያችንን ካልሰማችሁን አንቀመጥም» አሉ ሻምበል። እንደ ወጉ ተለመንን፣ እንደ ወጉ እንቢ አልን፣ ጉዳያችንን ተናግረን ተቀመጥን። ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል ጣል ተደርጎበት ጠፍቷል። የሜላት እናት ወይዘሮ ደብሪቱ ግን በየደቂቃው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሱሎቻና ድጋሚ እንደሚተላለፍ እኔ አውቃለሁ።

ጥያቄው ተጀመረ። ልጁ ይጠጣል? አይጠጣም። ይሠራል? ይሠራል። ቤተ ክርስቲያን ይስማል? መምሬ መሰከሩ። አቶ ከፈለኝ ወደ እኔ ዞሩ።

«እርስዎስ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«የጽሕፈት ነገር ነው» አልኩ ለስላሳዬን እየተጎነጨሁ። ቤቱ ሁሉ የምን ጽሕፈት ብሎ ሳይጠይቀኝ በማለፉ ፈጣሪን አመሰገንኩ።

ነገሩ ሁሉ ሰመረ። አቶ ከፈለኝ ሚስታቸውን አዩ፤ ሚስታቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ ደስ ብሎናል» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። «ብቻ ልጄ የምትገባው እናት ያለችበት ቤት ነው። ቀኑ ከመቆረጡ በፊት እናትየዋን በድምፅ እንኳ ልወቃት።»

ሻምበል ይህን ሲሰሙ ደረታቸው ሰፋ። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉና ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። እኔ ያን ጊዜ ነው የሚመጣውን ነገር ያየሁት። እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስኩም።

«እንደምን ዋላችሁልኝ፣ ቤተ ሰቦቼ?» አሉ እትዬ ስንቅነሽ በስልኩ።

ወጥ ቤት ውስጥ የድስት ክዳን ወደቀ። ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ስታዳምጥ የነበረችው ሜላት ናት የጣለችው፤ ከድራማው የቀረን ነጎድጓዱ ነበር፣ እሱም መጣ። ወይዘሮ ደብሪቱ አቶ ከፈለኝን አዩ፣ አቶ ከፈለኝ ሻምበልን አዩ፣ ሻምበል መምሬን አዩ። እኔም ግራና ቀኝ ሦስት ጊዜ ስዞር ራሴን ያዝኩት።

«ሱሎቻና!» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ ከሶፋው ብድግ ብለው። «ይህን ድምፅ እንቅልፌ ውስጥም አውቀዋለሁ! ልጄን ለሱሎቻና አልሰጥም!»

«እመቤቴ፣ ይሄ እኮ ትወና ነው» አሉ ሻምበል።

«ትወና መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ሕፃን አይደለሁም።» እንባቸው መጣ። «ግን ሻምበል፣ ልቧ ውስጥ የሌለውን ክፋት እንዴት አድርጋ እንደዚያ ትናገረዋለች? እኔ ልጄን ስቆጣ እንኳ እንደዚያ አይወጣልኝም። አንድ ልጄን ነው የምሰጠው። ባለቀሰች ቁጥር ያ ድምፅ ነው የሚሰማኝ።»

እንባቸው የእውነት ነበር፤ ማንም ሊስቅባቸው አልቻለም። ስልኩ ውስጥ የእትዬ ስንቅነሽ ትንፋሽ ይሰማል። ያን ሁሉ ክፉ ቃል እየለጠፍኩ ያስነበብኳቸው እኔ ነኝ፤ አሁን የልጃቸው ትዳር በእኔ ፋይል ሊፈርስ ነው። አፈርኩ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ፈራሁና መልሼ በለስላሳው ዘጋሁት።

«ወይዘሮ ደብሪቱ» አሉ እትዬ ስንቅነሽ በመጨረሻ፣ በዝግታ። «እውነትዎን ነው፣ እናት ነዎት። እንቢ ካሉ እቀበላለሁ። ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ድራማውን ስንት ክፍል አይተዋል?»

«አንድም አላመለጠኝም።»

«ወተቱ ውስጥ ስንት ጊዜ መርዝ ጨመርኩ?»

«አሥራ አንድ ጊዜ!» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ ሳያስቡ።

«አሥራ ሁለት ነው» አሉ ከዜና በቀር ቴሌቪዥን አላይም ያሉን አቶ ከፈለኝ። «የበዓሉን ዕለት ረሳሽው።»

«አሥራ ሁለት ይሁን። ከአሥራ ሁለቱ ምራቴ ስንቱን ጠጣች?»

ወይዘሮ ደብሪቱ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ከንፈራቸው ሲቆጥር አየሁ። «አንዱንም አልጠጣችው» አሉ።

«ማን ጠጣው?»

«ልጅዎ ነዋ። ሁልጊዜ ተጠምቶ ይመጣና ብርጭቆውን ከእጇ ይቀበላታል።»

«አሥራ ሁለቱንም?»

«አንዱን ውሻው ጠጥቶታል።»

«እንግዲህ ይፍረዱ፣ እህቴ» አሉ እትዬ ስንቅነሽ። «በዚህ ሁሉ ክፍል ምራቴን ራስ ምታት እንኳ አልነካትም፤ ሆስፒታል የሚመላለሰው ልጄ ነው። ሱሎቻና መሆኔን ካመኑ፣ እርስዎ ልጅዎን ለምን ይደብቃሉ? ልጄን መደበቅ ያለብኝ እኔ ነኝ!»

መጀመሪያ የሳቁት መምሬ ቀጸላ ናቸው፤ ድራማውን እንደሚከታተሉ ያን ጊዜ ታወቀባቸው። ቀጥሎ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ፈነዳ። ወይዘሮ ደብሪቱ ላለመሳቅ ታገሉ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ አልሆነላቸውም። ሶፋው ላይ ተመልሰው ወደቁና እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

«እሺ» አሉ ሲረጋጉ። «በዚህ አፍዎ ልጄን አይሰለቻትም። ግን ይንገሩኝ፣ ያን ሁሉ መርዘኛ ቃል የሚጽፍልዎት ማን ነው?»

«እሱማ እዚያው አጠገብዎ ተቀምጦ ለስላሳዎን እየጠጣ ነው» አሉ እትዬ ስንቅነሽ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ወይዘሮ ደብሪቱ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «እርስዎ» መባሌ እዚያ ላይ አበቃ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ የምሳ ሰዓት ንግግሬን ጀመርኩ፤ መከላከያዬ እሱ ብቻ ነዋ። «ግን እናቴ፣ ጥፋቱ የእኔ አይደለም። ድራማዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። እኔ አዲስ ነገር እንሥራ ብዬ ጮኼያለሁ፤ ተመልካቹ ልዩነቱን አያውቀውም ብለው...»

«ክፍል መቶ አርባና መቶ አርባ አንድ» አሉኝ ወይዘሮ ደብሪቱ።

ለስላሳው ትን አለኝ።

«ቃል በቃል አንድ ነበር። አላወቅንም መሰለህ? ጎረቤቱ ሁሉ ነው ያወቀው።»

«ታዲያ... ለምን አንድ ሰው እንኳ አልደወለም?»

«አዘንንልህ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። «ጤነኛ ሰው እንደዚህ አይሠራም፣ የሚጽፈው ሰውዬ በጽኑ ታሞ ይሆናል ተባባልን። እኔማ ጧፍ አብርቼልሃለሁ።»

ሻምበል ጉደታ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ ከሳል ያዳኑኝ መስሏቸው ነው። እኔ ግን መግቢያ ነበር ያጣሁት። ስድስት ዓመት ሕንዶቹን ስሰድብ፣ የማላውቃቸው ሴቶች አስኮ ላይ ተቀምጠው ለጤንነቴ ይጸልዩ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ ልጃቸውን እንደሚሰጡ ተናገሩ፤ አንድ ነገር ግን ጨመሩ፤ ለእትዬ ስንቅነሽ ማንንም የማይመርዙበት አዲስ ድራማ እንድጽፍ፣ እዚያው ሽማግሌዎቹ ፊት ቃል አስገቡኝ። በማግስቱ ይህንኑ ለሥራ አስኪያጃችን ነገርኩት። ሳይስቅ ሰማኝና «እንግዲያው ጻፈዋ» አለኝ። እየጻፍኩ ነው። አራት ወር ሆነኝ፤ ያለቀው ርዕሱ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ሴትዮ ወተት ይዛ ትገባብኛለች፤ አጠፋታለሁ፣ ተመልሳ ትመጣለች።

ሠርጉ ግን አማረ። በመልሱ ዕለት ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ሙሽራዋ ስትጨፍር ቆይታ ስለደከማት እትዬ ስንቅነሽ ምንም ሳያስቡ ብርጭቆ ወተት ይዘውላት መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ከበሮው ቆመ። ጉርሻ በእጁ እንደያዘ የቀረ ሰው አይቻለሁ። ሜላት ብርጭቆውን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ አማቷን አየች፣ እናቷን አየች፤ ከዚያ እጅ ነሳችና ወተቱን ለያፌት አቀበለችው። እሱም እንደ ተጠማ ሰው ጭልጥ አድርጎ ጠጣው።

«አላልኳችሁም?» አሉ እትዬ ስንቅነሽ ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ ዞረው፣ በሱሎቻና ድምፅ።