ሲመለሱ የተባለው ጣቢያ

በአዋሽ በረሃ ዳር፣ ሐዲዱ ከኮረብታው ሥር በሚታጠፍበት ቦታ፣ ሲመለሱ የሚባል ትንሽ ጣቢያ አለ። ቤቱ ሠላሳ ሁለት፣ ምንጩ አንድ ነው። በዚያ አገር መንገደኛ የተሰጠውን ውሃ ጠጥቶ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ የሚያመሰግነው ሲመለስ ነው። ይህን የማያውቅ እንግዳ ያገሬውን ሰው ባለጌ ይለዋል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ልማዱ ከጦርነት ዘመን የመጣ ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ ያኔ ጣቢያው ስም አልነበረውም። ከጣቢያው ፊት ለፊት ጠላ የሚሸጡት ወይዘሮ በለጥሻቸው ይፍሩ የሚባል አንድ ወንድም ብቻ ነበራቸው፤ እሱም ቆርኬ ከሚባል ምሽግ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር በጠላት ተከቦ፣ ስንቁ ለአንድ ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። በዚያች ዕለት ማለዳ አራት መቶ አሥራ ሁለት ወታደር በአሥራ አንድ ፉርጎ የጫነ ባቡር ለእነሱ ሊደርስ ሲገሰግስ መጣና ከጣቢያው ቆመ። ውሃ መሳቢያው ሞተር ተሰብሮ ስለነበር፣ በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር የሚጠጣው አጣ።

ሻምበሉ «ውረዱ! በእግር እንሄዳለን» ብሎ አዘዘ።

«በእግር ሦስት ቀን ነው፣ ጌታዬ» አሉ ወይዘሮ በለጥሻቸው። «ባቡሩ ግን ዛሬውኑ ያደርሳችኋል። ስንት እንስራ ይበቃዋል?»

ነጂው «አራት መቶ» አላቸው።

ያን ጊዜ ወታደሩና ያገሩ ሰው ከምንጩ እስከ ባቡሩ ተሰልፈው እንስራውን ከእጅ ወደ እጅ ያስተላልፉ ጀመር። ነገር ግን ጨዋ ያደገ ሁሉ ውሃ ሲቀበል በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ሰጪውም «አብሮ ይስጠን» ሳይል አይለቅም። ሽማግሌ ከመጣማ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በሞቴ» እየተባለ እንስራው በመካከል ይንገላታል። ወይዘሮ በለጥሻቸው ከባቡሩ አጠገብ ሆነው ሲቆጥሩ፣ በአንድ ሰዓት የገባው ሠላሳ እንስራ ብቻ ሆነ። በዚህ አያያዝ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ነው፤ ይፍሩ ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት የለውም።

«ስሙኝ!» ብለው ጮኹ። «እናንተ ስትመራረቁ ወንድሜ ሊሞት ነው! ምስጋናችሁን ያዙት፤ ስትመለሱ ታደርሱታላችሁ!»

አንዱ ወታደር «ካልተመለስንስ፣ እትዬ?» ቢላቸው፣ «ባለዕዳ ሆነህ ወዴት ትቀራለህ!» አሉት፤ ሰልፉም በሳቅ ተንጫጫ። ከዚያ በኋላ ቃል የተነፈሰ የለም። የቀረው ሦስት መቶ ሰባ እንስራ ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ገባ፤ ባቡሩም ጮኾ ተነሣ። የሦስት ቀኑን መንገድ በአምስት ሰዓት በልቶት፣ ሳይመሽ ከቆርኬ ደረሰና ከበባው ተሰበረ ይባላል።

በስምንተኛው ወር ያ ባቡር ተመለሰ። ወታደሮቹ አንድ በአንድ እየወረዱ «እግዜር ይስጥልኝ» ሲሉ ወይዘሮ በለጥሻቸው ቆጠሩ፤ ሦስት መቶ ሰባ አንድ ላይ ቆመ። ከሁሉም ኋላ ይፍሩ ወረደና፣ ገና ሳይስማቸው ጎንበስ ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ ቀና አለና እንደገና ጎንበስ አለ።

«አንተ ደግሞ መቼ እንስራ ተቀበልህና ነው?» አሉት።

«እኔ አልተቀበልሁም፣ እቴ። ከተቀበሉት አርባ አንዱ እዚያ ቀሩ። ቁጠሪልኝ።»

እሳቸውም እያለቀሱ እስከ አርባ አንድ ቆጠሩ።

እስከ ዛሬ ድረስ ወደ ሲመለሱ የተመለሰ ሰው ምንጩ አጠገብ ቆሞ ሁለት ጊዜ ያመሰግናል፤ አንዱን ስለ ራሱ፣ አንዱን ሳይመለስ ስለ ቀረው።