ቀማሚው የደበቀው ሕመም

አንድ መድኃኒት ቀማሚ ነበር፤ ይመኑ ይባላል። ለሳሉም፣ ለምቹም፣ ለሆድ ቁርጠቱም አገር ምድሩ ወደ እሱ ይጎርፋል። ይህ ሰው ታመመ። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ያድራል፤ ሲነጋ ከመኝታው መነሣት ዳገት ይሆንበታል፤ በር ሲንኳኳ ልቡ ድው ድው ይላል፤ ሳቅ የሚባል ነገር ከከዳው ሦስት ወር ሆኖታል። «ቀማሚው ራሱ ታመመ ከተባለማ ማን ይመጣልኛል?» ብሎ ፈራ። ስለዚህ በሩን እየዘጋ ዳማከሴውን ጨመቀ፣ ጦስኙን አፈላ። ሲጠጣ ለአፍታ ቀለል ይለውና መልሶ ይጫነዋል።

አንድ ቀን ደብሪቱ የምትባል የሸማኔ ሚስት ለባሏ ሳል መድኃኒት ፈልጋ መጣች። ሰጥቶ ሸኛት። ከሰዓት በኋላ መደርደሪያውን ሲያይ ግን ክው አለ። የሳሉ ጥቅል እዚያው አለ። የሰጣት ለከብት ቁስል የሚነሰነሰውን መርዛማ ዱቄት ነው! ጋቢውን እንኳ ሳይደርብ እየሮጠ ቤቷ ደረሰ።

«ደብሪቱ! ጠጣው እንዴ?»

«ኧረ ገና ነው! በማለዳ፣ በባዶ ሆድ ነው ያሉኝ እኮ።»

ጥቅሉን ነጠቃትና ደጃፏ ላይ ዘፍ ብሎ አለቀሰ። «ባልሽን ልገድልብሽ ነበር!»

«ምን ሆነው ነው?» አለች ደንግጣ።

«ደክሞኛል ልጄ። ልቤም ያለ ነገር ይፈራል። ያልጠጣሁት ቅጠል የለም።»

«እኛን መጀመሪያ አስቀምጠው ‹ከመቼ ጀምሮ ነው? ምን ገጠማችሁ?› ይሉን የለ? እርስዎን ማን ጠየቀዎት?»

«ማንም።»

«በሉ እኔ ልጠይቅዎት። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ነገራት። ከሦስት ወር በፊት ሚስቱን ቀብሮ በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራው እንደተመለሰ፣ ከዚያ ወዲህ ስሟን ጠርቶ እንደማያውቅ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ሲጨርስ እፎይ አለ። በማግስቱ ለመጣው ሁሉ «አሞኛል፤ እስኪሻለኝ ታገሡኝ» አለ። የፈራው አልደረሰም። ሰዉ ሊጠይቀው ተግተለተለ፤ የሚስቱንም ነገር እያነሡ አብረውት አወጉ። ጦስኙን አሁንም ይጠጣል፤ ብቻውን ግን አይደለም። ሌሊቱንም ይተኛል።

ቅጠሉ አልሰነፈም ነበር፤ ያልተነገረ ሐዘንን ብቻውን ምን ያድርገው? አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚሉት ለታማሚ ብቻ አይደለም፤ ለአካሚውም ነው። እናንተስ፣ «ደህና ነኝ» እያላችሁ የደበቃችሁት ከማን ነው?