ለሙቀት የተከፈተ ቀዳዳ

አንድ ሰው ነበረ፤ በግቢው ውስጥ አውሮፕላን የሚሠራ። ትርንጎ፣ «ከባሌ ጋር ጓዳ የተነጋገርነው ነገር ገበያ ላይ ይጠብቀኛል፤ ማንን ልጠርጥር እትዬ?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው የሱን ነገር የማነሣልሽ። ቁጭ በይና ስሚ።

ይህ ሰው ዕድሜውን በጋራዥ ያሳለፈ፣ እጁ የተባረከ፣ ልቡ ግን ጥርጣሬ የማያጣው ሰው ነበር። ቤቱ ከከተማው ዳር፣ ከብት ከሚውልበት ሜዳ አጠገብ ነው። ከግቢው ጀርባ የቆርቆሮ መጠለያ አቁሞ፣ በሩን ቆልፎ፣ ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጥና ሲሞርድ ይውላል። ሰፈሩም ዝም አላለም። ቱቦና በርሜል ሲገባ ያየ፣ «አረቄ ሊያወጣ ነው» አለ። ረጅም ሣንቃ ሲገባ ያየ፣ «የሬሣ ሣጥን ነው፤ የማን ይሆን?» አለ። ክንፉ በበሩ አልወጣ ብሎ የመጠለያው ግድግዳ ሲፈርስ ነው ሁሉም አውሮፕላን መሆኑን ያወቀው።

ሰውየው ሰው አያምንም። ብሎን ሲገዛ በጥርሱ ይነክሰዋል። ሽቦ ሲገዛ ልጦ ያየዋል። ሻጭ «እናቴ ትሙት» ብሎ ቢምልለት፣ «እናትህን ተዋት፣ ዕቃውን አሳየኝ» ይላል።

ከሁሉ በላይ የሚፈራው እሳትን ነበር። ሞተሩ ከፊት ነው፤ ሰው የሚቀመጠው ከኋላው። በመካከላቸው አንዲት ግድግዳ ብቻ አለች። ሰማይ ላይ ሞተሩ ቢነድ፣ ሰውየው መሬት እስኪደርስ ድረስ ያቺ ግድግዳ እሳቱን ገትራ መያዝ አለባት። ሜዳ ላይ ቢሆን ወርዶ ይሮጣል፤ ሰማይ ላይ ወዴት ይሮጣል? ስለዚህ የማይዝግ ብረት ላሜራ ገዛ። ገዝቶም ሻጩን ጠረጠረው። «ቆርቆሮ አብለጭልጮ ሰጥቶኝ ቢሆንስ?» ብሎ ጎረቤቱን ምስክር ጠራና፣ የጋዝ ማቃጠያ አምጥቶ እሳቱን ላሜራው ላይ ለቀቀበት። ላሜራው እንደ ፍም ቀላ እንጂ አልተበሳም። በላዩም እሳት የማይበላው ወፍራም ጨርቅ ለበጠበት። ሽቦ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሁሉ እሳት በማያቀልጠው ጭቃ መሳይ ነገር ደፈነ። «አሁን ሰይጣንም በዚህ አይገባም» አለና ረካ።

ሚስቱ ደግሞ የራሷ ጥርጣሬ ነበራት። ትልቁ የአሉሚኒየም ድስቷ ጠፍቶባታል። ድስቱ እንኳ ደህና አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ውሃው አልቆ ከሰል ላይ ተረስቶ ቂጡ ቀልጦ ወርዷል። ከዚያ ወዲህ የጨርቃ ጨርቅ ማጠራቀሚያ ነው። ቢሆንም የእናቷ ነበር። ማን ወሰደው? ከአጥር ማዶ ያለችው ሴትዮ ናት ብላ ቆረጠች። ለምን ቢሉ፣ ሴትዮዋ በዚያ ሰሞን ድግስ ነበረባት፤ ሰላምታዋም ረዝሞ ነበር። የሰው ሰላምታ ያለ ነገር አይረዝም። ሁለቱ ሴቶች ተኳረፉ።

ሰውየው ሚስቱንም ከመጠርጠር አልተመለሰም። አንድ ቀን የመጠለያው በር ገርበብ ብሎ ቢያገኘው፣

«ማንን አስገባሽ?» አላት።

«ነፋስን» አለችው።

«ነፋስ ቁልፍ ይከፍታል?»

«ረስተህ ሳትቆልፈው ከሄድክ፣ ምን ቁልፍ ያሻዋል?»

ነገሩ በዚህ አለፈ፤ እሷ ግን አልረሳችውም። የተጠረጠረች ሴት ዓይኗ ይከፈታል። ከዚያ ቀን ጀምራ እጅ እጁን ታይ ጀመር።

አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ብርድ ሲመታት ደረቷ ይታፈናል። አባትየው «የመጀመሪያ መንገደኛዬ አንቺ ነሽ» ብሎ ቃል ገብቶላታል። ሰማይ ደግሞ ይበርዳል። ስለዚህ በሞተሩ ጭስ ማውጫ ዙሪያ የሚሞቀውን አየር በቱቦ ስቦ ወደ ልጅቱ እግር እንዲነፍስ አሰበ፤ አስቦም ያቺን የተፈተነች ግድግዳ በሳት። በቀዳዳው ላይ የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ ሣጥን ገጠመ። ይህችን ሣጥን ከማንም አልገዛትም። በገዛ እጁ፣ ለልጁ ብሎ፣ እያንጎራጎረ ሠራት። ያልነከሳት፣ ያልላጣት፣ እሳት ያላሳያት እሷን ብቻ ነው።

ብቻውን ደጋግሞ ወጥቶ በሰላም ወረደ። የልጅቱ ተራ ደረሰ። በዋዜማው እናትየው መቀመጫው ላይ ጋቢ ልታነጥፍ ገባች። ጎንበስ ስትል ከእግር ማሳረፊያው ፊት የሚያብለጨልጭ ነገር አየች፤ የሙቀት ሣጥኒቱ ናት። ጎኗ ላይ በሚስማር የተጫረ መስቀል አለ። ድስቱን ሰው ለድግስ ሲዋሰው እንዳይለወጥ እናቷ የጫረችው ምልክት ነው። ስታየው ከአጥር ማዶ ያለችው ሴትዮ ትዝ አለቻትና ፊቷ ቀላ።

ባሏን ጠራችው። «ይሄ ድስቴ ነው።»

«ድስት አልነበረም፤ የተበሳ ዕቃ ነው። ከሚጣል ብዬ ነው። ቀላል ነው፣ ለእጅም ይታዘዛል።»

«ማን በሳው?»

«ራስሽ ከሰል ላይ ረስተሽው አይደል...» አለ።

«የኔ ከሰል ነው የበሳው» አለች። «የምድጃዬ ከሰል።»

«እዚህ ድረስ እሳት አይመጣም።»

«ታዲያ ግድግዳውን ለማን ሠራኸው?»

ሰውየው ተቆጣ። «ልጅቷ እንዳትሄድ ፈልገሽ ነው። ነገር ፍለጋ ነው» አላት። እሷ ማቃጠያውን ከጥግ አንሥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ሻጩን ፈትነሃል፤ እኔንም ፈትነሃል። የቀረኸው አንተ ነህ» አለችው።

ሣጥኒቱን ፈታት። ግቢው መካከል ድንጋይ ላይ አስቀምጦ እሳቱን ለቀቀባት። መጀመሪያ ምንም አልሆነችም፤ ፊቱም ፈካ ማለት ጀመረ። ወዲያው ጠርዟ ዘመመ፤ ሆዷ ሰመጠ፤ መስቀሉም ጠፋ። እንደ ሻማ ድንጋዩ ላይ ፈሰሰች። ልጅቱ ለነገ ያዘጋጀችውን ካፖርት ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አባዬ፣ ነገ አንሄድም?»

«አንሄድም፣ እናቴ» አላት። ማቃጠያውን አጠፋ።

በኋላ ሣጥኒቱን ከዚያው ከማይዝግ ላሜራ ሠራት። መዝጊያዋም፣ ማሰሪያዋም፣ ቱቦ የሚጠልቅባት አንገቷም ብረት ሆኑ። ሞተሩ ቢነድ፣ ከወንበሩ ሆኖ ሽቦ ሲስብ ክድን እንድትል አደረጋት። እሳትም አሳያት፤ ቀላች እንጂ አልፈሰሰችም። ልጅቱም ያን ጊዜ ተሳፈረች፤ እግሯንም ሞቃት። እናትየው ከአጥር ማዶ ያለችውን ሴትዮ ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች። ሴትዮዋ፣ «ቂጥ የሌለው ድስት ምን ልሠራበት ኖሯል?» ብላ አሽሟጠጠቻትና አስገባቻት።

እንግዲህ ትርንጎ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። አጥርሽ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተክለሻል። ሠራተኛሽን ጠርጥረሽ አሰናብተሻል። ከጎረቤትሽ ጋር ሰላምታ አቋርጠሻል። ግድግዳሽ ጥሩ ነው፤ ማንም አይበሳውም። ግን ራስሽ በስተሽዋል፤ ስለበረደሽ። ባልሽ ሲያስከፋሽ የማን ደጅ ትሄጃለሽ? ማን ዘንድ ነው ሆድሽ የሚሞቀው? ያንን አልጠረጠርሽም፤ የወደዱትን ማን ይጠረጥራል። ቀዳዳውን ድፈኚው አላልኩሽም፤ ሰው ያለ ሙቀት አይኖርም፤ ሰውየውም ልጁን በብርድ አላሳፈራትም። ከምን እንደ ተሠራ እወቂ ነው የምልሽ። ቢወጣ የማይጎዳሽን አንዲት ነገር ለአንዷ ብቻ ንገሪና፣ ገበያ ስትደርሺ ጆሮሽን ጣል አድርጊ። እሳት ማሳየት ማለት ይህ ነው።

ከማን ልጀምር ትይኝ እንደሆነ፣ ዛሬ ሲከፋሽ ወደ ማን ደጅ መጣሽ? ከኔ ጀምሪ።