ጀጃው በቃሬዛ የወረደ ዕለት

አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋን ላየው ቀላል ይመስላል። የሰው ጉልበት ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ክንዱ አልነሣ ያለውን ታነሣለታለች፣ አንገቱ አልዞር ያለውን ታዞርለታለች። ፊዚዮቴራፒስት ናት። ከሰሜን ተራሮች ሥር ባለች ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። የአገሬው ሰው ግን «ያቺ የምታሸው ልጅ» ነው የሚላት። ትስቃለች እንጂ አትቆጣም።

ውባንቺ ትባላለች። ታዲያ ውባንቺ ከሆስፒታሉ ሌላ አንድ ሥራ አላት። ተራራ ላይ ሰው ሲወድቅ፣ መኪና የማይደርስበት ገደል ውስጥ ሰው ሲጎዳ፣ ተጠራርተው የሚወጡ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ከእነሱ አንዷ ናት። ገደል ለገባ ሰው ደግሞ ጉልበት አጣፊ ምን ትሠራለታለች? ትሉኝ ይሆናል። ቆዩኝ፣ እደርስበታለሁ።

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና ሳይጠነክር አንድ ቀን ጠዋት ስልክ ተደወለ። «ጀጃው ወድቋል» አሉ።

በዚያ አገር ጀጃውን የማያውቅ የለም። እንግዶችን እየመራ ተራራ የሚያስጎበኝ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሰው ነው። ሰው የሚያውቀው ግን በእንጀራው አይደለም። በትከሻው ነው! ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር ከቃሬዛው ፊት ጀጃው አለ። ወባ የጣለው ሲኖር ጀጃው አለ። ሌሎች ሲደክማቸው ይለዋወጣሉ፤ እሱ ግን ተካኝ ማለት አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው በመካከላችሁ የለም? አለ። ስሙንም ታውቁታላችሁ።

የዚያን ዕለት እንግዶች አስከትሎ በአፋፉ ሲያልፍ፣ ከአንዲት እንግዳ እግር ሥር መሬቱ ተናደ። ጀጃው እጇን ይዞ ወደ መንገዱ ወረወራት። እሷ ተረፈች፤ እሱ ቁልቁል ሄደ። በጎኑ ድንጋይ ላይ አረፈ። ሞላልኝ የሚባል የሥራ ጓደኛው ከሌሎች አስጎብኚዎች ጋር ሆኖ በገመድ አወጣው።

እነ ውባንቺ በመኪና የሚሄደውን ያህል ሄዱ፣ ከዚያ በእግራቸው ወጡ። ቀትር ላይ ሲደርሱ ምን አዩ መሰላችሁ? ጀጃው ቆሟል! ዱላውን ተደግፎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በዙሪያው ያሉት ሁሉ ደስ ብሏቸዋል።

«አላልኳችሁም?» ይላል ሞላልኝ። «አያ ጀጃውን ገደል አይጥለውም!»

በቅሎም ተጭናለች። እሷ ላይ ተቀምጦ ሊወርድ ነው።

ወገኖቼ፣ የዚህች ሴት ሙያ እዚህ ላይ ነው የገባው። ሌላው ሰው ያየው የቆመ ሰው ነው። ውባንቺ ግን ቀኑን ሙሉ ሰው እንዴት እንደሚቆም ስታይ የምትውል ናት። ክብደቱን በሙሉ በግራ እግሩ ላይ መጣሉን አየች። ቀኝ እግሩ ወደ ውጭ መዞሩን አየች። ነፋሱ እየቀዘቀዘ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል፣ ከንፈሩም ደም የለውም። ቀረብ ብላ የእጁን አንጓ ያዘች። የልቡ ትርታ ሩጫ ነው፣ ቀጭን ነው።

«ጋሽ ጀጃው፣ ቀኝ እግርዎን ትንሽ ከመሬት ያንሡልኝ እስቲ።»

ሞከረ። እግሩ እንደ ተተከለ ቀረ።

«ደንዝዞ ነው» አላት። «ስሄድ ይፍታታል።»

«አይፍታታም። የዳሌዎ አጥንት የተሰበረ ይመስለኛል። ውስጥ ውስጡን እየደማ ነው። በቅሎ ላይ እግርዎን ከፍተው ቢቀመጡ ስብራቱ ይከፈታል፤ መንገድ ላይ እናጣዎታለን። መተኛት አለብዎት።»

«የት?»

«ቃሬዛ ላይ።»

ጀጃው ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ።

«ስሚኝ ልጄ። ይህን ቁልቁለት ሰው ተሸክሜ ወርጄዋለሁ። ሰው ተሸክሞኝ አልወርድም። አገሩ ምን ይለኛል? ሚስቴስ በቃሬዛ ስታየኝ ምን ትሆናለች?»

ሞላልኝም ጣልቃ ገባ። «እህቴ፣ ራጅ አላነሣሽውም! ሰውዬው ቆሟል እኮ። የቆመ ሰው እንዴት ይተኛል?»

እውነቱን ነው፣ ራጅ የላትም። ከተሳሳተች አገር የሚስቅባት ናት። ዝም ብትል ደግሞ ማንም አይወቅሳትም። በቅሎዋ ተዘጋጅታለች፣ ሰውየው ፈልጓል፣ ሰዉ ደስ ብሎታል። እጇ ግን የጀጃውን አንጓ አልለቀቀም፤ ትርታው ከቅድሙ ይበልጥ እየቀጠነ ነው።

«ጋሽ ጀጃው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እስከ ዛሬ ከተሸከሟቸው ሰዎች መካከል የናቁት አለ?»

«እንዴት ብዬ ነው የምንቀው? የታመመ ሰው ይናቃል?»

«ቃሬዛ ላይ የተኛች ሴት አይተው፣ ይህች ደካማ ብለው ያውቃሉ?»

«እግዜር ያሳይሽ! አንጀቴ ነው የሚላወሰው።»

«እነሱስ? እርስዎን ቢሸከሙ የሚንቁዎት ለምንድን ነው? እርስዎ ለነሱ አንጀት አለዎት፣ እነሱ ለእርስዎ የላቸውም?»

ጀጃው አሻግሮ ገደሉን አየ። ከዚያ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ እልህ ይዞት ወደ በቅሎዋ አንድ እርምጃ ሊራመድ ሞከረ። ቀኝ እግሩ ከዳው። ዱላው አመለጠው። ከመውደቁ በፊት ውባንቺ በብብቱ ሥር ገብታ ደገፈችው። ያ ግዙፍ ሰው በአንዲት ቀጭን ሴት ትከሻ ላይ ቀረ። በጆሮዋ፣ ሌላው በማይሰማው ድምፅ፣ «አሞኛል» አላት።

አሞኛል! ይህችን አንዲት ቃል ለማውጣት ስንት ዓመት ፈጀበት?

ከዚያ በኋላ ውባንቺ ቀልጠፍ አለች። በጥንቃቄ አስተኙት። የራሱን ጋቢ ተቀብላ አጠፈችው። «ሆዱ ላይ አይደለም» አለች፣ «እዚህ ታች፣ ጭኑ የሚጀምርበት ላይ»። ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ጎትቶ ዳሌውን ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ጉልበቶቹንም አጋጥማ አሰረቻቸው። ከሁለት አጣናና ከገመድ ቃሬዛ ተሠራ።

ቃሬዛው ተሠራ፣ ተሸካሚው ግን ጥቂት ነው። መንገዱ ረጅም ነው። ሞላልኝ ጉብታው ላይ ወጣና እጁን ባፉ ላይ አድርጎ ተጣራ።

«ኧረ የቃሬዛ ያለህ! ጀጃው ነው! ጀጃው ነው የተጎዳው!»

የገደል ማሚቶው መለሰው። አንድ ሰው እንኳ አይታይም።

እነ ውባንቺ ተሸክመው ተነሡ። «ከወገባችሁ አትጎንበሱ፣ ከጉልበታችሁ አንሡ!» እያለች በጎን ትሄዳለች። ትንሽ እንደ ወረዱ ትከሻቸው ዛለ። ጀጃውም ዐይኑን መክደን ጀመረ። ይህ ነው ያስፈራት።

«ጋሽ ጀጃው! አይተኙብኝ! ይህን መንገድ ከኛ ማን ያውቀዋል? ይምሩን እንጂ!»

ዐይኑን ገለጠ። «ምን አልሽ?»

«ይምሩን! ከፊታችን ምን አለ?»

ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ወጣ። «በግራ ያዙ። በቀኝ ያለው ድንጋይ ያንሸራትታል።»

በግራ ያዙ። «ቀጥሎስ?» ትለዋለች። «ቀጥሎ ውኃ አለ፣ ከላይ በኩል ተሻገሩ።» ከላይ በኩል ተሻገሩ። ልብ አላችሁ? በጀርባው ተኝቶ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ፣ ይመራቸዋል! መተኛቱ ክብሩን አልቀነሰበትም።

ውኃውን ሲሻገሩ ከታች ድምፅ ሰሙ። አንገታቸውን ቀና ሲያደርጉ ሽቅብ የሚሮጥ ሰው አዩ። ከኋላው ሌላ። ከእርሻ የተነሣው ሞፈሩን ትቶ፣ ከገበያ የሚመለሰው ዕቃውን መንገድ ዳር አስቀምጦ፣ ቁልቁለቱ ሰው በሰው ሆነ! «ተካኝ!» ሲል አንዱ፣ «ተክቼሃለሁ!» ይላል ሌላው። ትከሻ ይመጣል፣ ትከሻ ይሄዳል፣ ቃሬዛው አንዴም መሬት አልነካ።

እንዲህ እየሆኑ አንድ ጠባብ ቦታ ደረሱ። በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላ በኩል ገደል። ሰው በተርታ ካልሆነ አያልፍም። አራት ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ በዚያ ማለፍ አይሆንለትም። ሁሉም ቆመ።

ውባንቺ መንገዱን አየችው። «ቁጭ በሉ» አለች።

«ምን?»

«ሁላችሁም ጀርባችሁን ለግድግዳው ሰጥታችሁ፣ ተጠጋግታችሁ ቁጭ በሉ። አንሄድም። ከእጅ ወደ እጅ እናሳልፈዋለን። ያሳለፈ ተነሥቶ በጥንቃቄ ወደ ፊት አልፎ ይቀመጥ።»

ተቀመጡ። በዚህ መሃል አንዲት ሴት ሰዉን እየገፋች መጣች። ማንጠግቦሽ ትባላለች። ሞላልኝ፣ «እትዬ፣ ይህ የወንድ ሥራ ነው፣ ገደል ነው» ቢላት፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ተቀመጠች።

«ሁለት ነፍስ ሆኜ በዚህች መንገድ ያሳለፈኝ ማን ሆነና? የኔን እጅ ዝለሉና እዩ!»

ማን ይዝለላት? ቃሬዛው ተነሣ። ከእጅ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ በገደሉ አፍ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። ማንጠግቦሽ ጋ ሲደርስ ጀጃው ቀና ብሎ አያት። አወቃት። ያ ሲያለቅስ ታይቶ የማይታወቅ ሰው፣ እንባው በጆሮ ግንዱ ወረደ።

«ከበድኩሽ» አላት።

«ዝም በል! ላባ ነህ» አለችው፣ ክንዷ እየተንቀጠቀጠ።

የመጨረሻው እጅ ቃሬዛውን ከጠባቡ ሲያወጣው ተራራው በእልልታ ተናወጠ! የመጣው ያ ሁሉ ሰው እስከ መኪናው እየዘመረ ወረደ። ላያቸው ሬሳ የያዙ አይመስሉም፣ ሙሽራ የያዙ ነው የሚመስሉት።

ሆስፒታል ደረሰ። ራጅ ተነሣ። ዳሌው ተሰብሯል። ደም ተሰጠው፣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከ፣ ተጠገነ። ሐኪሙ ለውባንቺ ስልክ ደውሎ፣ «በቅሎ ላይ ተቀምጦ ቢሆን አይደርስም ነበር» አላት። ስልኩን ዘግታ፣ ለብቻዋ፣ ከግድግዳው ጋር ተደግፋ አለቀሰች።

ጀጃው ወደ ከተማዋ ሲመለስ ደግሞ እሷው እጅ ገባ። ጉልበት ማጠፍ፣ ጉልበት መዘርጋት። በሁለት ክራንች፣ ቀጥሎ በአንዱ፣ ቀጥሎ በክንዷ። ሲያመው፣ «አሞኛል፣ ቆይ» ይላታል። ትጠብቀዋለች። ዛሬ ጀጃው ይሄዳል! ተራራውንም ይወጣል። አንድ የተለወጠ ነገር ግን አለ፤ ቃሬዛ ሲሸከም ትከሻው ሲዝል፣ ጮክ ብሎ «ተካኝ!» ይላል። ሰዉም ይስቃል፣ ይተካዋል።

ወገኖቼ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

በዚህ ቤት ስንት ጀጃው አለ? ቤተ ዘመዱን በሙሉ የተሸከምክ፤ ወንድሞችህን ያስተማርክ፣ ለቀብሩም ለሠርጉም የምትጠራ፤ ሰው «እንዴት ነህ?» ሲልህ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለህ የምታልፍ፣ ውስጥህ ግን የሚደማ። አንቺስ እህቴ? የሁሉን ልቅሶ የምታደርሺ፣ የራስሽን ልቅሶ ግን ሽንት ቤት ገብተሽ ቧንቧ ከፍተሽ የምታለቅሺ። ቆመሻል፣ አዎ። ማን አየሽ በየትኛው እግርሽ እንደቆምሽ?

ሳይታወቅበት የሚያነክስ ሰው በየወንበሩ አለ። መቆሙን አይተን አጨብጭበንለታል። በቅሎ ጭነንለታል! ወደ ሞቱ እንዲጋልብ በእልልታ የሸኘነውም አለ። ከእናንተ መካከል የእጁን አንጓ የያዘው ማን ነው? «እግርህን አንሣልኝ እስቲ» ያለው ማን ነው?

ጌታ ሸክማችሁን ብቻ የሚቀበል ይመስላችኋል? ሸክሙን ከነባለቤቱ ነው የሚያነሣው! የሚሸከምበትንም ትከሻ ከሰማይ አያወርድም፤ ከጎናችሁ ከተቀመጠው ሰው ላይ ነው የሚያነሣው። እንግዲህ ባለ ትከሻ ሁሉ፣ ስትጠሩ ሞፈራችሁን ጣሉና ሩጡ። የተጎዳህ ደግሞ፣ በአንድ ሰው ጆሮ ብቻ ቢሆንም፣ ያቺን ቃል አውጣት።

አሁን እንጸልያለን። ሁልጊዜ «ተነሡ» ነው የምላችሁ። ዛሬ ግን እንዲህ ልበል፦ መቆም የቻላችሁ ቁሙ። መቆም ያቃታችሁ ተቀመጡ፣ አትፈሩ። እኛ ስለ እናንተ እንቆማለን።