የምንታምር ምዝገባና የጥጋቡ ምራቅ

ልንገራችሁ ስል «ንገሪን» በሉኝ፤ ባትሉኝም እነግራችኋለሁ። ከአጥሬ ማዶ የምትኖረው የአበዛሽ ልጅ ምንታምር ሰባት ዓመት ሞላትና አንድ ነገር ብቻ አማራት፤ ትምህርት ቤት ገብታ ወንበር ላይ መቀመጥ። ደብተር ተገዛላት፣ እርሳስ ተቀረጸላት። ትምህርት ቤቱ ግን ያለ ልደት ካርድ አልመዘግብም አለ። ልጅቷም ደብተሯን ታቅፋ ደጃፍ ላይ ቁጭ።

አበዛሽ ወረዳ ሄደች። ወረዳው ያለ አባት ስም ካርድ አልጽፍም አለ። ወረዳው አልጽፍ ባይ፣ ትምህርት ቤቱ አልመዘግብ ባይ፣ ልጅቷ ደብተሯን ታቅፋ ደጃፍ ላይ ቁጭ።

አባትየው የጠፋ እንዳይመስላችሁ። ጥጋቡ ነው፤ ሁለት ቤት አልፎ፣ ያ ፀጉሩን ቅባት አጠጥቶ በሰፈሩ የሚንጎራደደው። የልጅቷ ጆሮ እንኳ እንደሱ ወደ ውጭ የቆመ ነው፤ ዓይን ላለው ሌላ ምስክር አያሻም። እሱ ግን ሳትመረመር ስሜን አልሰጥም አለ። ጥጋቡ ስሙን አልሰጥ ባይ፣ ወረዳው አልጽፍ ባይ፣ ትምህርት ቤቱ አልመዘግብ ባይ፣ ልጅቷ ደብተሯን ታቅፋ ደጃፍ ላይ ቁጭ።

አበዛሽ እሺ ብላ ላብራቶሪ ሄደች። አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ አስረዳቻት። በሰው ደምም በምራቁም ውስጥ አንዲት አጭር ቃል እየተደጋገመች የተጻፈችበት ቦታ አለ፤ አንዱ ዘንድ ሰባት ጊዜ፣ ሌላው ዘንድ አሥራ አንድ ጊዜ። ልጅ አንዱን ቁጥር ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ይወስዳል። እንዲህ ያለው ቦታ ብዙ ነው፤ በሁሉም ከገጠመ መካድ የለም። አበዛሽ ይህን ስትነግረኝ፣ ደምም እንደ ጥጋቡ እናት እንደ እትዬ የሻረግ አንድ ነገር ይደጋግማል ማለት ነዋ፣ አልኳት። ላብራቶሪው ግን ያለ አባትየው ምራቅ አልቆጥርም አለ። ላብራቶሪው አልቆጥር ባይ፣ ጥጋቡ ስሙን አልሰጥ ባይ፣ ወረዳው አልጽፍ ባይ፣ ትምህርት ቤቱ አልመዘግብ ባይ፣ ልጅቷ ደብተሯን ታቅፋ ደጃፍ ላይ ቁጭ።

ጥጋቡ ጉንጭህ በጥጥ ተጠርጎ ምራቅ ይወሰዳል ሲባል፣ ያለ እናቴ ፈቃድ አፌን አልከፍትም አለ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ለጥሬ ሥጋ ሲሆን ያ አፍ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። እትዬ የሻረግ ደግሞ ደረታቸውን ነፍተው፣ «የኛ ቤት ዘር እስከ ሰባት ቤት በአፍ ተቆጥሮ ያለቀ ነው፤ በጥጥ አይጠረግም» አሉ። እትዬ የሻረግ አልፈቅድ ባይ፣ ጥጋቡ አፉን አልከፍት ባይ፣ ላብራቶሪው አልቆጥር ባይ፣ ወረዳው አልጽፍ ባይ፣ ትምህርት ቤቱ አልመዘግብ ባይ፣ ልጅቷ ደብተሯን ታቅፋ ደጃፍ ላይ ቁጭ። ምዝገባው ሊዘጋ ስድስት ሳምንት ቀረው።

በዚሁ መሐል እትዬ የሻረግ ለጥጋቡ የአቶ ጓንጉልን ልጅ ሊያጩ ተነሡ። መቼም ከጋብቻ በፊት ዘር ይቆጠራል፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ። ሰባቱን አያቶች አንበለበሏቸው፤ ያልሰማ እንዳይኖር ደገሙት። አቶ ጓንጉል እስኪጨርሱ ጠበቁና፣

«እትዬ፣ ወደ ላይ ሰባት ቆጠሩልኝ፤ ወደ ታች ያለችውን አንዷን ዘለሏት። ያቺ ደጃፍ ላይ የምትቀመጠው ሳትቆጠር ልጄን አልሰጥም» አሉ።

እትዬ የሻረግ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ልጃቸው «የኔ አይደለችም» ብሎ የማለላቸውን አምነዋል፤ እናት መሆን እንዲህ ያሳውራል። «ሂድ፣ ምራቅህን ስጥና ሰፈሩ ይፈር» አሉት። ጥጋቡ ላብ አጠመቀው፤ በአጥሬ ቀዳዳ አይቼዋለሁ።

እናትየው ፈቀዱ፣ ጥጋቡ አፉን ከፈተ፣ ጥጡ ጉንጩን ጠረገ፣ ላብራቶሪው ቆጠረ። ከልጅቷ አሥራ አንድ፣ ከጥጋቡ አሥራ አንድ። በሚቀጥለው ቦታ ስምንት፣ እሱም ስምንት። ከዚያም፣ ከዚያም፣ እስኪሰለች ድረስ ገጠመ። ጥጋቡ ስሙን ሰጠ፣ ወረዳው ጻፈ፣ ትምህርት ቤቱ መዘገበ፣ ልጅቷ ደብተሯን ታቅፋ ወንበር ላይ ቁጭ።

አቶ ጓንጉል ልጃቸውን አልሰጡም፤ የገዛ ልጁን የካደ የሰው ልጅ አያከብርም አሉ። እትዬ የሻረግም ዛሬ ላገኙት ሁሉ «ጆሮዋን አያችሁት? ቁርጥ የኛ ቤት» ይላሉ። እኔ ሰባት ዓመት ያየሁትን ጆሮ!

ትምህርት ቤቱ ከጓሮዬ ጀርባ ነው። መምህሯ «ምንታምር ጥጋቡ» ብላ ስትጠራ፣ የልጅቷ «አቤት» እስከ እኔ ቤት ተሰማ። እኔ የቆጠርኩትን ቆጠርኩላችሁ፤ የጎደለ ካለ እትዬ የሻረግ ይሙሉት።