ጎዶሎው የእምቢልታ ዜማ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ። በስሞቹ ተሳስቼ ይሆናል፤ ነገሩን ግን እንደ ሰማሁት እነግራችኋለሁ።

በድሮ ዘመን ጫኔ የሚባል እምቢልታ ነፊ ነበር። ከጓደኞቹ ከቢያዝንና ከአያልነህ ጋር በየሠርጉ ይነፋ ነበር። የእያንዳንዳቸው እምቢልታ የየራሱ ድምፅ አለው። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበላል፤ ዜማውም በሦስቱ ይሞላል።

ከዕለታት አንድ ቀን ጫኔ ለንግድ ቆላ ወረደና ትምባሆ በጋያ ማጨስ ለምዶ መጣ። ከዚያም ትምባሆው ደረቱን ያዘው። ዳገት ሲወጣ ያለከልካል፤ ሲተኛ ይስላል። ዜማውም እሱ ጋ ሲደርስ ይቋረጥ ጀመር።

ቢያዝን፦ «ምነው ጫኔ፣ ተራህ ሲደርስ ታንቀላፋለህ?» አለው።

ጫኔም፦ «እምቢልታዬ ተሰንጥቆ ነው» አለ።

ሰም ቀቡለት። አልሆነም። ቀርከሃ ቆርጠው አዲስ ሠሩለት። እሱም አልሆነም።

ልጁ ስመኝ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነበርና መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ የተሰነጠቀው እምቢልታው አይደለም፤ ደረትህ ነው። በሠርጌ ቀን የእምቢልታህን ድምፅ ሳልሰማ ከዚህ ደጅ አልወጣም» አለችው።

ጫኔ ተነሣና ጋያውን ሰበረው። በማግስቱ ግን አምሮቱ መጣ። የቤቱን ዶሮ ሳይቀር ተቆጣ። ወደ ጓደኞቹ ሄደና፦ «አልቻልኩም፣ ወንድሞቼ» አለ።

አያልነህም፦ «አምሮቱ ሲመጣ እምቢልታህን ንፋ። የትም ብንሆን እንመልስልሃለን» አለው።

ከዚያም አምሮቱ ሲመጣ ይነፋል። ቢያዝን ከእርሻው፣ አያልነህ ከወንዙ ማዶ ይመልሳሉ። ዜማው ሲያልቅ አምሮቱም አልፏል። ጎረቤት፦ «ዛሬ ደግሞ የማን ሠርግ ነው?» ሲል ልጆቹ፦ «የጫኔ አምሮት ነው!» ይላሉ።

አንድ የገበያ ቀን ግን ሰው ጋያ አቀበለውና ሳበ። አፍሮም ቤቱ ተደበቀ። ሁለቱ ጓደኞቹ ይህን ሰምተው ደጁ ላይ ቆመው ነፉ፤ ተራው ሲደርስም ጠበቁት። ዝም። ደገሙት። ዝም።

ቢያዝን፦ «ወደቅህ እንጂ አልሞትህም! በል ንፋ፣ እኛም ደከመን!» አለ።

ከውስጥ ቀጭን የእምቢልታ ድምፅ መለሰ።

ፋሲካ አለፈና የሠርጉ ቀን ደረሰ። ስመኝ ደጃፉ ላይ ቆመች። ሚዜዎቹ «ፀሐይ ገባች እኮ!» ቢሉም አልተንቀሳቀሰችም። ቢያዝን ነፋ። አያልነህ ተቀበለው። ከዚያም የጫኔ ድምፅ ወጣ፤ ወፍራም፣ ረጅም፣ ሳይቋረጥ። ስመኝም እየሳቀችም እያለቀሰችም ደጁን ተሻገረች።

ተረቴ አለቀ፤ እናንተም ዳቦ ቆርሳችሁ አፌን አብሱልኝ። እስክትቆርሱ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ስሞቹን እጠራጠራለሁ፤ ይህችን ግን በኋላ ነፊዎችን ጠይቄ አረጋግጫለሁ፦ እምቢልታ ብቻውን ዜማ አይሆንም።